የእማማ ቤቴሞላ ስም

ካዛንቺስ ያለው የቅድመ አያቴ ቤት ታድሶ ሲመረቅ እኛ የልጅ ልጅ ልጆቹ ተጠርተን ሄድን። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የአናጢውን አገር ሳይቀር ይናገራል፤ ስለ ባሮቹ ግን ምንም አይልም።

የወለሉ ሰም ሽታ እማማ ቤቴሞላን አመጣብኝ። በልጅነታቸው ለዚህ ቤት የተሸጡ ናቸው፤ ነጻ ወጥተውም እዚሁ ወለል ሲወለውሉ አረጁ። ሲጠሩ “በጌቶች ዕድሜ!” ይላሉ።

“ለምን እንደ ሰው አቤት አይሉም?” አልኳቸው ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን።

“ስሙንም መልሱንም ጌቶች ናቸው አብረው የሰጡኝ።”

“እናትዎ ያወጡልዎትስ?”

ጨርቁን አስቀመጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ያኔ አያቴ ከሳሎን “ቤቴሞላ!” ብላ ተጣራች።

“በጌቶች ዕድሜ!” ብለው እየተጣደፉ ሄዱ። ጌቶች ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!

“ጥያቄ ያለው?” አለች በምረቃው ዕለት ቤቱን የምታሳየን አስጎብኚ። እኔ ያለኝ ያው የያኔው የስማቸው ጥያቄ ነው፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ዋጥኩት።