በቀለ ያቆመበት ገጽ

አቦ፣ ድሬ ውስጥ መጽሐፍ ሻጩን ክፍሉን የማያውቅ ሰው አለ? ካለ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ጥላ ሥር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጠው ሽማግሌ። የኔ የድሪያ ቀሚስና የሻሽ ሱቅ ከጀርባው ስለሆነ፣ የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት የሱን ማጅራት እያየሁ ነው።

ድሮ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይሸጥ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ጓደኞቹ በየጫት ቤቱ ተበተኑ፣ እሱ መጽሐፎቹን ተሸክሞ እዚህ መጣ። በስተቀኝ ታሪካዊ ልብወለድ ይደረድራል፣ በስተግራ ደግሞ እነዚያን ቀያይ ሽፋን ያላቸውን የሶሻሊዝም ጽሑፎች። ሰው አንዱን አንስቶ "ይሄ እንዴት ነው?" ካለው፣ ወይ "ይነበባል" ወይ "አይነበብም" ነው መልሱ። ሌላ ቃል የለውም። "አይነበብም" ካለ ደግሞ አይሸጥልህም! "አንተ ሰውዬ፣ ነጋዴ ነህ ወይስ ቃዲ?" እለዋለሁ። ይስቃል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም ለኔ ክፍሌ ነው።

አንድ ቀን ግን ተናደድኩበት። አንድ መምህር ከቀያዮቹ አንዱን ገዝቶት ሄደ። "ይነበባል" ብሎ ነው የሸጠለት።

"ክፍሌ፣ በቀለ የሞተው በዚህ አይደል እንዴ? እጅህ እንዴት ይሸጠዋል?" አልኩት።

"መጽሐፉ ምን አደረገ ፋዱማ? የሚያወራው ስለ ሠራተኛ እንጀራ ነው። ጥሩ ነገር አለው። በቀለን የገደለው ሰው ነው" አለኝ። ቀያዮቹን እያስተካከለ፣ "ከሰዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።"

በቀለ የሚስቱ የአስካለማርያም ወንድም ነው። ባቡር ጥገና ይሠራ ነበር። ክፍሉና አስካለ እንደተጋቡ ሦስቱም አንድ ቤት ነበር የሚኖሩት። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከተው፣ ድሬ ስትጋደም፣ በቀለ ለእህቱ ልብወለድ ጮክ ብሎ ያነብላታል። በድሮ ነገሥታት ዘመን እንደሆነ አድርጎ ደራሲው ከራሱ አውጥቶ የጻፈው ነው። የንጉሥ ጭፍሮች ወንድሟን የወሰዱባት የጨው ነጋዴ ልጅ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትወጣለች። አስካለ ትሰፋለች፣ በቀለ ያነባል። አንድ ቀን ልጅቷ በስንት መከራ ወንድሟ የታሰረበት እስር ቤት በር ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ጠቅ አድርጎ አጠፈው። "የቀረው ነገ" አላት።

"አንተ ጨካኝ! በሩን እንኳ ካንኳኳች በኋላ አቁም እንጂ!"

"ነገ" አለ እየሳቀ። ሰው ማንጠልጠል ይወድ ነበር አሉ።

ጊዜው ቀይ ሽብር ነው። በማግስቱ ጠዋት ቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀመር ነው ተባለ። በቀለ ሥራ ገብቷል፣ አስካለ ገበያ ናት፣ ቤት ያለው ክፍሉ ብቻ ነው። ቆሞ መጽሐፎቹን አየና አሰበ። መንግሥት ራሱ ሶሻሊስት ነኝ ይላል፤ እንግዲያው የሶሻሊዝሙ ምን ችግር አለው፣ እንዲያውም ያስመሰግነናል። የሚያስበላን ይሄ ስለ ንጉሥ የሚያወራው ነው አለና ልብወለዱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ቀያዮቹን ጠረጴዛ ላይ፣ በር ሲከፈት እንዲታዩ አድርጎ ደረደራቸው።

ያ ረቢ! ፈታሾቹ ገቡ፣ አዩ፣ "ይሄን ሁሉ የሚያነብ የነዚያ የመንግሥት ጠላቶች ወገን ነው" አሉ። ለካ በዚያን ጊዜ ገዳዩም ሟቹም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነበር የሚያነበው። በቀለ መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን የመጻፍ ልማድ ነበረው። የማን ነው ብለው መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ከሥራው ላይ ወሰዱት። አስከሬኑ አልመጣም፣ ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደም።

አስካለ ባሏን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። እኔ ብሆን ቤቱን በራሱ ላይ ነበር የምደረምሰው! እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ "ያቃጠልከውን መጽሐፍ ፈልግልኝ። መጨረሻውን ልስማ።" ክፍሉ መጽሐፍ ማሰባሰብ፣ ኋላም መነገድ የጀመረው ለዚህ ነው። ስንቱ በእጁ አለፈ፤ ያ ብቻ አልመጣም። እሱም ፍለጋውን አልተወም፣ እሷም መጠየቋን።

ባለፈው ዓመት አስካለ በጠና ታመመች። ሐኪሙ "ቤቷ ትረፍ" ሲል እንደማትድን ሁላችንም ገባን። ክፍሉ አበደ። በየሰው ቤት፣ በየመጋዘኑ "ያረጀ መጽሐፍ አላችሁ?" እያለ ይዞር ጀመር።

በዚያ ሰሞን ከመጋላ ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ መጣሁ። ሻጯ ሃዎ በወረቀት ጠቅልላ ነው የምትሰጠው። ጥቅልሉን እንዳለ ለክፍሉ አቀበልኩት። ፍሬው ተበተነ፣ እሱ ወረቀቱን ይዞ ቀረ።

"ፋዱማ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?" ድምፁ የሱ አይመስልም።

"አቦ ምን ሆንክ?"

"የጨው ነጋዴው ልጅ ናት" አለኝ።

ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ዘለን ገባን። መንገዱን ሙሉ "ገነጣጥላ ጨርሳው ይሆን?" ይላል። "ዝም በል፣ አላህ አለ" እለዋለሁ።

ሃዎ ከዘንቢሏ ሥር አወጣችው። የሞተ ሰው ቤት ሲጸዳ ከአሮጌ ወረቀት ጋር የገዛችው ነው። ከፊቱ እየገነጠለች ግማሹን ጨርሳዋለች። መጨረሻው ግን አለ! ክፍሉ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሃዎ ደንግጣ፣ "ውሰደው አባባ፣ ወላሂ አላወቅኩም!" አለችው።

ቤት የደረስነው ከተማው በተጋደመበት በዚያው ሰዓት ነው። አስካለን ትራስ አስደገፍናት።

"አገኘሁት አስኩ" አላት።

ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ በእጇ ዳሰሰችው። የጎደለውን ግማሽ እሷው ተረከችልን፤ በቀለ እንዴት እንደሚያነበው፣ የንጉሡን ድምፅ እንዴት እንደሚያጎረንን ሁሉ እያስመሰለች። ሳቅን፣ ወላሂ ሳቅን። ከዚያ ክፍሉ ካለበት ገጽ ጀምሮ ማንበብ ቀጠለ። ልጅቷ ተራራውን ወጣች፣ ወረደች፣ በሩ ጋ ደረሰች። አስካለ እጇን ገጹ ላይ አሳረፈችው።

"ይብቃህ ክፍሌ።"

"ደከመሽ? እኮ አሁን ነው መጨረሻው።"

"በቀለ እዚህ ጋ ነው ያቆመው። የቀረው ነገ ብሎኛል።"

አእምሮዋን ሳተች እንዳትሉ፤ ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነበረች። "አንተ ካነበብክልኝ አለቀ ማለት ነው" አለችው። "ለቅሶ ያልተቀመጥኩለትን ወንድሜን ዛሬ በገዛ እጄ ልቅበረው? ተወው። ነገ ብሎ የቀጠረኝ እሱ ነው።"

ክፍሉ እግሯ ላይ ተደፋ። "እኔ ነኝ አስኩ፣ ቀያዮቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ልታተርፈን ብለህ ነው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማቃጥለው" አለችና ራሱን ዳበሰችው።

በዚያው ሳምንት አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ክፍሉ መጽሐፉን አመጣልኝ። "ቤት ካስቀመጥኩት አነበዋለሁ። አንቺ ጋ ይሁን" አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው አይደለሁ? ሻሽ እያጣጠፍኩ ልጄን ፋርሂያን አስነበብኳት። መጨረሻውን ስሰማ መጀመሪያ ደራሲውን ረገምኩት፣ ቀጥዬ አለቀስኩ። ለክፍሉ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። መጨረሻውን አፌ ውስጥ ይዤ በየቀኑ ማጅራቱን አያለሁ።

ትናንት ዞር አለ።

"ፋዱማ፣ አንብበሽዋል አይደል?"

መዋሸት አልችልበትም። "አዎ" አልኩት።

"በሩን አንኳኳች?"

"አንኳኳች።"

"ወንድሟስ?"

"ወጣ፣ ክፍሌ። በሕይወት ወጣ። በሩ ላይ ተቃቀፉ።"

መነጽሩን አወለቀና በነጠላው ጫፍ ደጋግሞ ይጠርገው ጀመር። አንድ ደንበኛ መጽሐፍ አንስቶ "ይሄ እንዴት ነው?" አለው። አልሰማውም።

"በቀለ የሚያነብላትን መጽሐፍ ሁልጊዜ አስቀድሞ ለብቻው ይጨርሰው ነበር" አለኝ። "ለካ ለዚህ ነው ሲያጥፈው እየሳቀ የነበረው። በማግስቱ ሊያስደስታት አስቀምጦላት ነው።"