አስፋልቱን ያልመረጠችው ሹፌር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ እግር ነበር። ሴቶቹ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ እግራቸውን ወደ መካከል ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ መርገጫ የለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ጥጉ ላይ ያኔም የገብስ ብናኝ ይሸት ነበር። ስለ ብርዱ አልናገርም፤ አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። የወሰዱኝ ከቅዳሴ ስመለስ ስለነበር ነጠላዬን እንደለበስኩ ገባሁ። ለምን እንደያዙኝ ያን ቀን አልነገሩኝም፤ በኋላ የነገሩኝም ብዙ አልነበረም።

«ነይ እዚህ» አለችኝ አንዷ። «ግራ እግሬን ብቻ እንዳትነኪው። እሱ ከኔ በፊት ነው የታሰረ።»

ሹፌር ነበረች። ከአባቷ በወረሰችው አሮጌ ላንድሮቨር ከደብረ ብርሃን ተነስታ፣ በጎረቤላ አድርጋ ቁልቁለቱን ወርዳ ቆላው አልዩ አምባ ድረስ ገበያተኛ ታመላልሳለች። «የማይታወቁ ሰዎች አሳፍረሻል» ብለው ነው የያዟት። ከዚያ በፊት ጉልበቷ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ ግራ እግሯ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ብሏል። መካኒኳ ከተጋጨ መኪና የወጣ፣ ፍሪሲዮን የማይፈልግ አውቶማቲክ ካምቢዮ አገኘላት። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ተፈታታ ሳለች እሷ እዚህ ገባች።

የቀረው የኋላው ዲፈረንሻል፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የጥርስ ሳጥን፣ ነበር። የድሮው ጥርስ ከተተወ መኪናዋ ቀስ ብላ፣ በጉልበት ትሄዳለች። በፈጣኑ ከተቀየረ ደግሞ አስፋልቱን ይዛ ሳትጮህ አዲስ አበባ ትገባለች። መካኒኩ አንዱን ምረጪ ብሎ መልስ ይጠብቃል። እኛም ሌላ ሥራ ስላልነበረን ከጸሎት በኋላ ጉዳዩ የሁላችን ሆነ። መኪና ነድቼ የማላውቀው እኔ ሳልቆይ ስለ ዲፈረንሻል የምከራከር ሆንኩ።

«ፈጣኑን አስገቢ» አልኳት። «ዳገቱን እንደሆነ አውቶማቲኩ ራሱ ማርሽ ይቀይርልኛል ብለሻል።»

«ዳገት ምን ያደርጋል? ካቃታት ትቆማለች፣ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ቁልቁለቱ ነው እንጂ። አውቶማቲክ እንደ ማኑዋሉ አይዝም፣ ይለቃል። ፍሬን ስትረግጪ ስትረግጪ አልዩ አምባ ሳትደርሺ ፍሬኑ ይቃጠላል። የኋላው ጥርስ ካልያዘልሽ ማን ይይዝልሻል?»

«እኔስ አላህ ብቻ የሚይዘኝ መስሎኝ ስወርድ ኖርኩ» አሉ እትዬ። «ለካ ጥርስም አለበት።»

እትዬ የምንላቸው የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ የተያዙትም በሹፌሯ መኪና ይመላለሱ ስለነበር ነው።

ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ሰሞን ነበር። በቦታው ደንብ ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት። የሹፌሯ ወንድም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል አይቀምስም። የእትዬ ልጅ ደግሞ ፀሐይ ካልጠለቀች አፉን አይከፍትም፤ ያን ጊዜ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ የሹፌሯ ወንድም የሁለቱም ቀማሽ ሆነ። ቀማሹ ጿሚ ነውና ከእትዬ ቤት ይመጣ የነበረው ሥጋ ቀርቶ ሽሮ ብቻ ሆነ። «ወላሂ ሁዳዴን አስገባችሁኝ» ይሉን ነበር።

አንድ ጠዋት ሹፌሯ ስትነሳ ወስና ነበር።

«መካኒኩ ፈጣኑን ያስገባ ብዬ በወንድሜ እልክበታለሁ» አለችን። «ልጄም አዲስ አበባ ነይ እያለች ነው። ደክሞኛል። በዚህ እግር ቁልቁለት ይብቃኝ።»

ማንም አልተከራከራትም። ወንድሟ ግን ያን ቀን ከልማዱ ቀድሞ በስድስት ሰዓት መጣ። የበሩ ላይ ንግግር ክፍላችን ድረስ ይሰማል።

«ቅመስ» አለው ጠባቂው።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነማ።»

«አንድ ጉርሻ ነው፣ አንተ።»

«ጾም የሚፈርሰው በስንት ጉርሻ መሰለህ?»

በዘጠኝ ተመለስ ተባለና ስንቁን ይዞ ሄደ። ስንቅ ሳይቀመስ መጠራት የለምና እሷም መልእክቷን እንደያዘች ቀረች።

በመካከሉ የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራት። ስትመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ዳግመኛ ወደ ቆላ ላልወርድ፣ ከዚያ ሰው ላላሳፍር እንድፈርም ነው» አለች። «ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ እደሪ አለኝ።»

«ታዲያ ደግ አይደል?» አልኳት። «አስፋልቱን እንደሆነ ራስሽ መርጠሻል። ያው አንድ ነው።»

«ጠዋት አንድ ነበር።»

«ፈርሚ ልጄ» አሉ እትዬ። «ለኔ ብለሽ እንዳይሆን። እኔ በቅሎም ይወስደኛል።»

«በቅሎዋ ምን በደለች፣ እትዬ?»

ሳቅን። እትዬ ወፍራም ናቸው፤ ከሁላችንም አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ሳቁ ሲያልቅ ሹፌሯ ጉልበቷን እያሸች ተናገረች።

«ደክሞኝ ብተወው የራሴ ነገር ነው። ፈርሜ ብተወው ግን ያሳፈርኩት ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነበር ማለቴ ነው። እርስዎን ጨምሮ። እኔ እወጣለሁ፤ የኔ ፊርማ እርስዎን እዚህ ያስቀራል።»

ነጠላዬን ተከናንቤ ዳዊት መድገም ጀመርኩ። ለምን እንደምጸልይ አላወቅኩም፤ እንድትፈርም ነው፣ እንዳትፈርም? እሱ ያውቃል ብዬ ቀጠልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተጠራች። እግሯ ስለማያስኬዳት ደግፌያት ወጣሁ። ኃላፊው ከጠባቂው አጠገብ ቆሞ መልሷን ይጠብቃል። ወንድሟ አማተበና ከስንቋ ጎረሰ።

«እታለም» አለ እያኘከ፣ «መካኒኩ መኪናዋ ቦታ ያዘችብኝ እያለ ነው። ፈጣኑን ያስገባ?»

«አውቶማቲኩን ይግጠም። የኋላውን እንዳይነካው፤ የድሮው ጥርስ ይቆይ።»

«አስፋልት ላይ እኮ አትሮጥልሽም።»

«አስፋልት ምን ልሠራ? ገበያተኞቼ ያሉት ቆላ ነው።»

ወንድሟ ማኘኩን አቆመ።

«የተነጋገርነውን ረሳሽው እንዴ?» አላት ኃላፊው።

«አልረሳሁም ልጄ። እንድትሰማው ብዬ ነው ጮክ ያልኩት።»

ኃላፊው ትንሽ አያትና ወደ ቢሮው ገባ። አልጮኸም። እሱም የደከመው ይመስለኛል።

«ዋጠው እንጂ» አለችው ወንድሟን። «የእትዬንም ቅመስላቸው። ሲመሽ ይፈልጉታል።»

ክፍል ስንመለስ የራሷን ስንቅ ሳትከፍት ተኛች። እትዬ ፎጣቸውን አጥፈው ከጉልበቷ ሥር አደረጉላት።

እኔ ከፋሲካ በፊት ተፈታሁ፤ እንደ አያያዜ ሁሉ ምክንያቱ አልተነገረኝም። ብዙም ሳልቆይ አገሩን ለቀቅኩ። ሹፌሯና እትዬ ክረምት ሲገባ፣ ሹፌሯም ሳትፈርም፣ እንደወጡ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

አሁን የምኖረው ካምፓላ ነው። እሑድ እሑድ በተከራየነው አዳራሽ እናስቀድሳለን። አንድ ቀን ለጸሎት ስም ስንሰጥ ሹፌሯንም ላስጠራ ብል ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስም አንጠያየቅም ነበር፤ ሰው የማያውቀውን ስም በምርመራ አያወጡበትም።

«ሹፌር ናት፣ አባ» አልኳቸው።

«ሹፌር ብዬማ መሠዊያ ፊት አልጠራትም፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠሩ እኔ በሆዴ እጨምራታለሁ። የምለምንላት ነገር ትንሽ ነው። የሚደክማት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ጊዜ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንድታስቀምጥ ነው።