የሮይ ዋስ

ስለ አያ ዘመዱ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ይህን ስል ማመስገኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መዋል ያደክማል። «ነገ እመጣለሁ» ብላችሁ ብትቀሩ፣ በሳምንቱ ሲያገኟችሁ የሚጠይቋችሁ ጤናችሁን ሳይሆን ለምን እንደቀራችሁ ነው። እኔ ትሁኔ፣ ጎረቤታቸው፣ «ምናልባት» ማለትን የተማርኩት ከእርሳቸው የተነሳ ነው።

የተወለዱት ወገራ ነው። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። አንድ ጊዜ አባትዮው ለጎረቤት ዋስ ሆኑና ሰውየው ጠፋ፤ የቤቱ አንዲት የምትታለብ ላም ተነድታ ሄደች። አያ ዘመዱ ይህን የሚያወሩት አባታቸው ሞኝ ነበሩ ብለው አይደለም፤ ሰው ማለት እንዲያ ነው ብለው ነው። በሱዳን በኩል ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር ሲመጡ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሳፒር በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲያ ደግሞ ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት አልገፋ አላቸው።

ወደ ክለቡ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ራማት ፖሌግ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለ የግል የእግር ኳስ ክለብ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ፣ በዕብራይስጥ ምትናድቪም ይሉናል፣ በር እንከፍታለን፣ መረብ እንሰቅላለን፣ በውድድር ቀን እንግዳ እንቀበላለን። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ሜዳው ከየሰፈራችን ለሚመጡ ልጆች እንዲለቀቅ። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ፈቀደልን። አያ ዘመዱ በዕድሜያቸው ኳስ በእግራቸው ነክተው አያውቁም። ግን ከመጋዘኑ በቀጥታ በአውቶቡስ ይመጡና ልጆቹን ያሰልፋሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ የተፈታ ማሰሪያ ያስራሉ። ልጆቹ «ሳባ» ይሏቸዋል፤ አያታችን ማለታቸው ነው። ከሚስታቸው ቀብር በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ለዚህ ስል ነበር ማክሰኞን የምወደው።

አምና ሮይ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሁላችንንም ስም ያውቃል፣ ልደታችን ሲደርስ ኬክ ያመጣል። ነገር ግን የክለቡ ባለቤቶች ማክሰኞን ከሥራ በኋላ መጫወት ለሚፈልጉ አባላት ስጥ እያሉ ይወተውቱት ነበር። ወሬው ሲደርሰን ሐጊት ነደደች። ሐጊት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የበጎ ፈቃደኞቹ አፍ እርሷ ናት። ማክሰኞን ከወሰዱብን በፋሲካው ውድድር አንድም ሰው ሥራ እንደማይነካ ተናገረች፤ እኛም አንድ ቃል ሆንን። በፋሲካው ውድድር ከየከተማው ቡድን ይመጣል፤ ያለ እኛ በሩን እንኳ የሚከፍት የለም።

ሮይ ብልጥ ነው። ሐጊትን ትቶ አያ ዘመዱን ጠራ። ዕብራይስጣቸው ለመጋዘን ይበቃል፣ ከበድ ላለ ነገር ግን አማርኛ ይሻሉ፤ ስለዚህ እኔ ላስተረጉም አብሬ ገባሁ። ሮይ በጣም እንደሚያከብራቸው ነገራቸው፣ ሰዎቹን እንዲያረጋጉለትም ለመናቸው። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ማክሰኞ የልጆቹ ነው አለ። አያ ዘመዱ ደግሜ እንድጠይቀው አደረጉ። ሮይ ያንኑ ደገመና እጁን ዘረጋ፤ እርሳቸውም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ለሮይ ያ የስንብት ሰላምታ ብቻ ነበር።

ከዚያ በጎ ፈቃደኞቹ ሜዳው ዳር ተሰበሰብን። አያ ዘመዱ ተነስተው መካከል ላይ ቆሙ።

«የሮይ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። «ሚግራሹን ከልጆቹ ቢወስድ እኔን ጠይቁኝ።»

ሜዳውን ነው ሚግራሽ የሚሉት። ነገሩን ወደ ዕብራይስጥ ስመልሰው ያገኘሁት ቃል እዚህ አገር ሰው ከባንክ ሲበደር የሚያመጣው ዋስ የሚጠራበት ነው። ሐጊት ሳቀች፤ ሮይ ቤት ሊገዛ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። እኔ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርሳቸው ግን ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና ያንኑ ደግመው ተናገሩ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ሐጊት ለሮይ ብላ ሳይሆን ለእርሳቸው ብላ እንደምትሠራ ተናገረች፤ እኛም ተከተልናት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ተቆጣኋቸው። ሮይ ዋስ ጥራ ያለው የለ፣ ዋስ እንዳለውም አያውቅ፤ ይህ ወገራ አይደለም አልኳቸው። የመለሱልኝ በተረት ነው፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉኝ። የወለዷቸው ልጆች ስልክ ካነሱላቸው ስንት ጊዜ እንደሆነ ላስታውሳቸው አልኩና ምላሴን ያዝኩ።

ውድድሩ አማረ። ሮይ እየዞረ እያንዳንዳችንን አመሰገነ። ከፋሲካ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግበው ሲደርሱ ሜዳው ላይ ጎልማሶች ይሯሯጣሉ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሰዓቱ ተለውጧል ከማለት ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሮይ ስልኩን አያነሳም። አያ ዘመዱ ከአውቶቡስ ወርደው ሲመጡ ሊኢል የምትባል ትንሽ ልጅ ሮጣ ተቀበለቻቸው።

«ሳባ፣ ማክሰኞ የኛ ነው አላልክም?»

ደሜ ፈላ፤ በሩን ገንጥዬ ብገባ ደስ ባለኝ። እርሳቸው ልጆቹን እንደ ወትሮው አሰለፉና መልሰው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኟቸው።

በማግስቱ ወዴት እንደምንሄድ ሲነግሩኝ ወደ ሮይ መስሎኝ ነበር። የሄድነው ወደ ሐጊት ቤት ነው። ተቀመጡ ስትላቸው እንቢ አሉ፤ በቆሙበት ይቅርታ ጠየቁ። ሐጊት ደነገጠች። የዋሸው ሮይ ነው፣ እርስዎ ምን አጠፉ አለቻቸው። ከልቧ ነው ያለችው።

«ሮይ ለእናንተ ምን ብሏል?» አሉ። «ለእናንተ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናንተ ማክሰኞን ስታጡ እኔ እዚያ ሜዳ ምን አለኝ? እኔም አጣዋለሁ። ሌላ የምከፍለው የለኝም።»

እኔ ይህን ነገር እስካሁን አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። ክለቡ ውስጥ ሁሉም ቃል ይሰጣል፤ ቃሉ ሲፈርስ ሁሉም ይቆጣል፣ ሲውል ሲያድር ሁሉም ይረሳል። እንዲያ መኖር ይቀላል፤ እኔም የምኖረው እንዲያው ነው። ዕዳውን የኔ ነው ብሎ ሲያነሳ ያየሁት ግን እርሳቸውን ብቻ ነው፤ ያም ዕዳ የእርሳቸው አልነበረም። አንጀቴን በሉኝ፤ ደግሞም ተናደድኩባቸው።

ሮይ ቢሮ የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ሲያየን ተነስቶ ያስረዳ ጀመር። ባለቤቶቹ አስገድደውታል፤ ያን ዕለት የተናገረው ግን ከልቡ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰዓት ይፈልጋል። አያ ዘመዱ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጡና ከዛሬ ጀምሮ ወደ ክለቡ እንደማይመጡ ነገሩት። ሮይ ከእርሳቸው ጋር ጠብ እንደሌለው፣ በፈለጉት ቀን ሊመጡ እንደሚችሉ ተናገረ።

«ጠብ አይደለም» አሉ። «ዋስህ ነበርሁ። ዋስ ይከፍላል።»

ስተረጉምለት ሮይ ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን አንዴ እርሳቸውን አየ። ዋስ ሁነኝ ብሎ እንዳልለመናቸው፣ ይህን የነገረውም እንደሌለ ተናገረ። እውነቱን ነው። መልሳቸውን ለመስማት እኔም ጓጓሁ።

«አልለመንኸኝም» አሉ አያ ዘመዱ። «እኔ ግን አምኜህ ነበር።»

ይህች በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ናት። ሁለቱንም ለሮይ ነገርኩት። አያ ዘመዱ ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። ሮይ ዓይኑን ከጀርባቸው ሳይነቅል፣ ያሉት ይህን ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ብቻ ነው አልኩት።