ሚስቱ የምታውቀው ሰም

አንድ የክኒን ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት አለች፤ ባልደረቦቿ «ጭጭ» ይሏታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ። ዝም ማለት የሚችል ሰው በጠፋበት ዘመን ዝም የምትል ሴት ስትገኝ ስም ይወጣላታል፣ ይኸው ነው። ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፣ ፀጉሯን በቆብ ትሸፍናለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በፊቷ የሚያልፉትን ክኒኖች እያየች የተሰበረውንና የተላጠውን ትለቅማለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አማታቸውን፣ አከራያቸውን፣ ጎረቤታቸውን ሲያነሡና ሲጥሉ ይውላሉ። እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን አንዷ «አንቺ ግን የሆድሽን ለማን ነው የምታወሪው?» ብትላት «ለባሌ» ብላ መለሰች። ሳቁባት።

እውነቷን ነበር። ባሏ እዚያው ፋብሪካ ላይኛው ፎቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ለእሱም ስም ወጥቶለታል፤ «ሻማው»። ሰም ሲያቀልጥ ስለሚውል በአጠገባችሁ ሲያልፍ ሻማ ሻማ ይሸታል። ሥራው ምን መሰላችሁ፤ አንዳንድ መድኃኒት ሆድ ውስጥ ገብቶ በአንዴ ከሟሟ ሰውየውን ያዞረዋል፣ ቶሎ ያልቅና ደግሞ ሌላ መዋጥ ይመጣል። ዱቄቱ በሰም ከተለበጠ ግን ቀስ እያለ ይለቃል፤ በሽተኛው በቀን አንዴ ውጦ ያርፋል። ችግሩ ሰም መቼም ሰም ነው። ማሽኑ ዱቄቱን ጨምቆ ክኒን ሲያደርገው ብረቱ ይሞቃል፣ ሰሙ ይለሰልሳል፣ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ክኒኑም ፊቱ ተልጦ ይወጣል። ሻማው ከዚህ ነገር ጋር ዓመታት ተናነቀ።

ማታ ከራት በኋላ ዕቃ የሚያጥበው እሱ ነው፣ የምታደርቀው እሷ። እጁ አረፋ ውስጥ ሲገባ አፉ ይከፈታል። «ዛሬም ተለጠፈ» ይላታል። ወይ «ጠንካራውንና ለስላሳውን ሰም አንድ ላይ ባቀልጠውስ?» ይላታል። እሷ ሳህኑን እያደረቀች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ እኔም አልተማርኩም፣ እናንተም አልተማራችሁም ይሆናል። ግን በየቀኑ የሚነገርህን ነገር እንዴት አታውቀውም? ጎረቤት የልጆቹን አመል በቃሉ እንደሚያውቅ እሷም የሰሙን አመል አወቀችው። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ማታ ሻማው ድስቱን እየፈተገ፣ «ልጅ ባይኖረኝ ስሜ ወረቀት ላይ ይቀራል» አላት። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው፤ እሷ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት።

ወረቀት ያለው ፓተንቱን ነው። በመጨረሻ ተሳክቶለት ክኒኑ ከብረቱ ላይ ጥርት ብሎ መውጣት ሲጀምር ፋብሪካው ፓተንት ላውጣ አለ። ፓተንት ማለት «ይህን ነገር መጀመሪያ ያገኘው እገሌ ነው፤ ሌላው ሳያስፈቅድ እንዳይሠራው» ተብሎ የሚሰጥ መብት ነው። የፋብሪካው ንብረት ቢሆንም የፈጠረው ሰው ስም እላዩ ላይ ይሰፍራል። አንድ ጣጣ ግን አለው። ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ ነገሩ በአደባባይ መነገር የለበትም፤ ከተነገረ አዲስ አይደለም፣ አዲስ ካልሆነ ደግሞ የለም። ሥራ አስኪያጁ የቤተ ሙከራውን ሰዎች ሰብስቦ አፋችሁን ያዙ ብሎ አስጠነቀቀ። ማሸጊያ ክፍል ድረስ ወርዶ ያስጠነቀቀ የለም። ደግሞስ ጭጭን «ዝም በይ» የሚል ማን አለ?

ማመልከቻው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሻማው አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ልቡ ነው አሉ።

አላለቀሰችም። ይህንንም አሙባት፤ ሰው መቼም ለማማት ሰበብ አያጣም። ታጠቢ ሲሏት ትታጠባለች፣ ብዪ ሲሏት ትጎርሳለች፣ ሰው ሲያቅፋት የሚታቀፈው ሌላ ሰው ይመስላታል። ሰውነቷ ሁሉ ደንዝዟል። ሰዎች «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ፤ እሷ «አሜን» ትላለች፣ ጽናቱን ግን ምን እንደምታደርግበት አታውቅም። ቀብሩ አለፈ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተላጠውን ክኒን ትለቅማለች፣ ቤቷ ትገባለች፣ አንድ ሳህን ታጥባለች፣ እሷው ታደርቃለች።

ፋብሪካው በምግብ አዳራሹ የመታሰቢያ ዝግጅት አደረገለት። በዕለቱ የውጭ ሰውም ነበር፤ ዕቃ አቅራቢዎች፣ የመድኃኒት ነጋዴዎች፣ የማይታወቅ ሁሉ። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጨርሶ፣ «እኅቴ፣ አንድ ቃል እንኳ ካለሽ» አላት። ከመቀመጫዋ አትነሣም ብለው ጠብቀው ነበር። ተነሣች። ተነሥታም አወራች፤ በዕድሜዋ በሰው ፊት ያልተናገረችውን በአንድ ቀን ተናገረችው። ደግ ነበር አላለችም፣ ታማኝ ነበር አላለችም። ሰሙን ነው የተናገረችው። የትኛውን ሰም ከየትኛው ጋር እንደቀላቀለ፣ የትኛው እንደሚበዛ፣ ዱቄቱን ሰሙ ትኩስ እያለ ማስገባት ስሕተት እንደሆነና ቀዝቅዞ መደፍረስ እስኪጀምር መጠበቅ እንዳለበት፣ ይህን ያወቀ ቀን ማታ ሳህን እንደሰበረና እንዳልተቆጣችው። ስለ ባሏ ፍቅር የምታውቀው ሌላ ቋንቋ አልነበራትም። የቤተ ሙከራው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ግን ባሏ የሞተባትን ሴት ማን «በቃሽ» ይላታል?

ይህ አልበቃ ብሎ የሰው ኃይል ኃላፊዋ እያለቀሰች በስልኳ ቀርጻው ነበር። የዚያኑ ዕለት በፋብሪካው የፌስቡክ ገጽ ላይ ለቀቀችው። ሕዝብ አየው፣ አለቀሰ፣ ተቀባበለው። ሥራ አስኪያጁም አይቶ እንባውን ጠርጓል፤ አፋችሁን ያዙ ያለው ሰውዬ እኮ ነው። ከሳምንታት በኋላ ማመልከቻው ገባ።

ሌላ መድኃኒት አምራች ተቃውሞ አቀረበ፤ ማስረጃው ያው ንግግሯ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የፋብሪካው ጠበቃ ቢሮ ጠሯት። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ የባሏ ታላቅ ወንድምም አለ። ታላቅየው አባታቸው ሲሞት ሻማውን እንደ ልጅ ያሳደገ፣ ያስተማረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ከማንም በላይ ፓተንቱን የሚፈልገው እሱ ነበር፤ ወንድሜ በከንቱ አልኖረም የሚልበትን ነገር ይፈልጋል።

ጠበቃዋ ቀልጣፋ ሴት ናት። «አንድ ቀዳዳ አለ» አለች። «የምሥጢሩ ባለቤት በፈቃዱ ካወራው አለቀ። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ተወስዶ ከሆነ ግን ሕጉ ያዝንለታል። ፌስቡክ ላይ የለቀቀችውም ምሥጢር መሆኑን ሳታውቅ ነው። እርስዎ የፓተንት ጽሕፈት ቤቱ መርማሪ ፊት ቀርበው፣ ባለቤቴ ሥራውን ይደብቀኝ ነበር፣ ተደብቄ ነው ያየሁት፣ እንዳልናገርም ከልክሎኝ ነበር ካሉ ንግግሩ ከቁጥር አይገባም። ፓተንቱ ይወጣል፣ ስማቸውም ይሰፍራል።»

ጭጭ ጠረጴዛውን ታያለች። «ግን ነግሮኝ እኮ ነው» አለች።

«እሱን ማን ያውቃል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አንቺ ልጅ፣» አለ ታላቅየው፣ «እሱ አፈር ገብቷል። ምን ይጎድልብሻል? ዝም ስትዪ ኖረሽ ያለ ቀኑ ተናገርሽ፣ አሁን ባጠፋሽበት አፍ አቅኚው። ስሙን አድኚለት።»

«እሺ» አለች። በእነዚያ ወራት ለሁሉም ነገር እሺ ነበር መልሷ፤ እምቢ ለማለት ጉልበት ይጠይቃል። ጠበቃዋ የምትለውን አስጠናቻት። እሷም አጠናች፤ ከሥራ ስትመለስ በመንገድ ላይ በሹክሹክታ ትለዋለች፣ «ይደብቀኝ ነበር፣ ይደብቀኝ ነበር»። ምንም አልተሰማትም። የሌላ ሴት ኑሮ የምታጠና ይመስላታል።

የቀጠሮው ዕለት የመርማሪው ክፍል ጠባብ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ወንበሩ የሚንቋቋ ነበር። መርማሪው ጉንፋን ይዞት መሀረቡ ከእጁ አይለይም፤ ክፉ ሰው አይደለም። የተቃዋሚው ጠበቃ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ታላቅየው ከኋላዋ ጉሮሮውን ሲጠርግ ትሰማዋለች።

«ባለቤትዎ ስለዚህ ሥራ ቤት ውስጥ ያወሩ ነበር ወይስ ይደብቁ ነበር?» አለ መርማሪው።

አፏን ከፈተች። ያጠናችው ምላሷ ጫፍ ላይ አለ። እሱን ካለች ስሙ ይቀራል፤ የተመኘው ይህንኑ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ያ ሁሉ ወሬ የት ይገባል? በመንግሥት መዝገብ ላይ ባሏ የማያምናት ሰው፣ እሷም በባሏ ዕቃ የምትጎረጉር ሌባ ሆነው ይሰፍራሉ። ከዓመታት በኋላ ስሙን የሚያነብ ሰው ይህንንም ያነባል። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማት፤ ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነበር።

«አይደብቀኝም ነበር» አለች።

ጠበቃዋ ቀና አለች።

«ምን ያህሉን ነግረውዎታል?» አለ መርማሪው።

«ሁሉን። ከእኔ የደበቀው ነገር የለም። ዝም በይም ብሎኝ አያውቅም፤ ዝም እንደምል ያውቃል።»

መርማሪው አፍንጫውን ጠርጎ ጻፈ። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሥራ አስኪያጁ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ነገሩ ያለቀው እዚያው ነው፤ ውሳኔው በጽሑፍ የመጣው ኋላ ቢሆንም። አሁን ያንን ሰም የፈለገ ሁሉ ይሠራበታል፣ ማን እንደፈጠረው የሚጠይቅም የለም።

ታላቅየው ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ሁለተኛ ቀበርሽው» አላት።

«የማያምነኝ ባል ከሚኖረኝ ይኼ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ስለ አንቺ ማን ጠየቀሽ? ስሙ ነው የጠፋው።» ከዚያ ድንገት ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «እውነት ሁሉን ይነግርሽ ነበር?»

«ሁሉን።»

«ለእኔ ያን ሰም ሠራሁ ብሎ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ከሥራ አስኪያጁ ነው የሰማሁት፤ ያውም ከሞተ በኋላ። አሳድጌው፣ አስተምሬው፣ ቤቴ በመጣ ቁጥር ሥራ እንዴት ነው እለዋለሁ፣ ደኅና ነው ይለኛል። ደኅና ነው ብቻ።»

ልታጽናናው ፈለገች። ውሸት ቢኖራት ትሰጠው ነበር፤ ግን የዕለቱን ውሸት መርማሪው ክፍል ውስጥ ትታው ወጥታለች።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች። «እሱንም ነግሮኛል።»

ወንድሙ ለምን እንዳልነገረው አልጠየቃትም። ኮፍያውን አጥልቆ ተነሣና ደረጃውን አንድ ላይ ወረዱ።