ሳልቆርጥ የሰጠኋቸው አራቱ

ድቡልቡል እንጉዳይ መከታተል የጀመርኩት ዲላ በመምህርነት በገባሁ በሁለተኛው በልግ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ የሚኖሩ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት ጓሮ አላቸው፤ ዝናቡ በገባ በሳምንቱ ከቡናውና ከእንሰቱ ሥር ነጫጭ ኳሶች ይወጣሉ። ሲያረጁ ይደርቃሉ፤ ሲረገጡ ቡናማ ዱቄት ያጨሳሉ። የአካባቢው ሰው ዱቄቱ ዓይን ያጠፋል ይላል። እኔ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ወዲያው የምጠራጠር ነኝና፣ ሆን ብዬ ረግጬ አቧራው መሃል ቆምኩ። ዓይኔ አልጠፋም። ይህችን የምታህል ድል ያን ያህል ዓመት ታኮራኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ በየበልጉ እየሄድኩ ስፋታቸውን በማስመሪያ ለካሁ፤ የበቀሉበትን ቦታ ደብተር ላይ ሣልኩ። ሴትየዋ ቆመው ያዩኛል እንጂ አይከራከሩኝም። የምከራከረው እኔ ነኝ። ፍርሃታችሁ ከንቱ ነው፣ ይህ ምግብ ነው እላለሁ። ጥንቃቄው አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች ለሁለት መቁረጥ። ውስጡ እንደ አይብ ወጥ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። የግንድና የጥላ ቅርጽ ከታየበት ግን ገና ያልተከፈተ ሌላ እንጉዳይ ነው፤ እሱ ይገድላል። ይህን ንግግር በዓመት አንዴ ሳላደርግ ቀርቼ አላውቅም።

አሥር ዓመት ያህል አልፎ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘንድሮስ እስቲ ልቅመሰው አሉኝ። ስድስት ለቀምኩ። አንዱን በካራ ሰንጥቄ ንጣቱን አሳየኋቸው፤ አንዱን ኪሴ ከተትኩ፤ አራቱን እንዳሉ ሰጠኋቸው። ሰማዩ ያጉረመርም ነበር፣ የመጨረሻው የዲላ ሚኒባስም ከይርጋጨፌ ሊነሳ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ካራውን የተውኩት ንግግሬን እንዳላቋርጥ ነው።

ኪሴ የከተትኩትን ቤቴ መስኮት ላይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኩት። እሑድ ረፋድ ላይ ቆዳው ተቀዶ፣ ቀጭን ግንድና የታጠፈ ጥላ ብቅ ብሎ አገኘሁት።

ያነበብኩት ሁሉ በአንዴ ትዝ አለኝ። መርዙ ቶሎ አይናገርም። ግማሽ ቀን ዝም ይላል፣ ከዚያ ያስመልሳል፣ ከዚያ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ጉበቱ ግን እያለቀ ነው። ሴትየዋ ስልክ የላቸውም። ሐዋሳ ለሥልጠና ወደሄደው ልጃቸው፣ ወደ ባልደረባዬ፣ ልደውል ቁጥሩን አውጥቼ፣ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ መልሼ ዘጋሁት። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ደጋግሜ አዘጋጀሁ፤ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ጥፋቱን ከእኔ የምታነሳ ሐረግ ሾልካ ትገባለች። ከይርጋጨፌ የያዝኩት የሞተር ነጂ ፊቴን አይቶ፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄደው ሲል ጠየቀኝ።

በሩ ዝግ ነበር። ሁለቴ ተጣራሁ። በሦስተኛው ከጓሮ መጡ፤ እንሰት ሲፍቁ ቆይተው እጃቸው እንደረጠበ ነው።

«እንጉዳዩን በሉት?»

«ሦስቱን በላሁ።»

«አራተኛውስ?»

«ሆዱ ውስጥ ጥላ ነበረው። ጣልኩት።» ፊቴን ትንሽ አዩት። «በየዓመቱ ቁረጡ ትል የለ? ቆረጥኩ። አንተ ሳትቆርጥ ነው የሰጠኸኝ?»

«አንዱን ብቻ ነው የቆረጥኩት።»

አልተቆጡም። እጃቸውን በእንሰት ቅጠል ጠርገው ወደ ፍቂያቸው ተመለሱ። እኔ ግን ካራው መርዙን ከክፉው ወደ ደህናዎቹ አሳልፎ ከሆነስ እያልኩ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሆድዎን አመመዎት ወይ ብዬ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኳቸው አላውቅም፤ በመጨረሻ መልስ መስጠት ተዉ። ለምን እንደማልሄድ ሲጠይቁኝ ዝናቡን አመካኘሁ፤ ዝናብ አልነበረም። አደርኩ። ሰኞ ጠዋት ክፍል መግባት ሲገባኝ እዚያው ጓሮ ቆሜ፣ እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ሲፍቁ የፊታቸው ቀለም ቢጫ ሆኖ እንደሁ እመለከት ነበር።