ብልቃጥ የደፉ ችካሎች

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለችው መስኮቱ ስር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያየው የእትዬ ችካልን ግቢ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ሲወራ ዝም በል አትበሉኝ። በዕድሜዬ ከቀሚስና ከሱሪ ቀጥሎ ብዙ ያየሁት እሷን ነው።

ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ግቢዋን የሞላው ዳሊያ ሰው የሚያህል ይረዝማል፣ አበባው የሕፃን ራስ ያክላል፣ አገዳው ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ አንድ ዝናብ ሲመታው ጭቃ ላይ ይተኛል። "መልክ ሲታደል አጥንት ረስተውታል" ትላለች። ለእያንዳንዱ ችካል ትተክልለታለች፤ ችካሉም የሚገባው ከተክሉ በፊት ነው፣ ካደገ በኋላ ከሆነ ስሩን ይወጋዋል። ማሰሪያው ከእኔ ቤት የሚሄድ ለስላሳ ብጣሽ ጨርቅ ነው። አንድ ጊዜ የናይሎን ሲባጎ ብሰጣት አፍንጫዬ ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

"ጋሼ፣ ልደግፈው ነው ወይስ ላንቀው?" አለችኝ።

አስራ ስትጨርስ በአገዳውና በጨርቁ መካከል ጣቷን ታስገባለች። ጣት ካልገባ ትፈታዋለች።

ከዚያ ብልቃጡ ይመጣል። በየችካሉ ጫፍ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ትደፋበታለች። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ ግራ ዓይኗ የለም። በወጣትነቷ አበባ ልታስር ጎንበስ ስትል ችካል ወጋት፣ እንዲህ ነው የተነገረን። ስለዚህ በሰፈሩ ሳል የያዘው ሁሉ ሽሮፑን ሲጨርስ ብልቃጡን ይዞላት ይሄዳል። እኔ የባለቤቴን መድኃኒት ሳያልቅ ደፍቼ ብልቃጡን ብወስድ ቤቴ ውስጥ ጦርነት ተነስቶብኛል።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ገና ሳትጠና ነው። እትዬ አባትየውን መልአክ አድርጋ እየነገረች አሳደገቻት። ልጅቷም አደገችና የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ሲያዩት ሸጋ ሰው ነው። ሰላምታው ከወገቡ ነው፤ አንድም ቀን "ጋሼ" ሳይለኝ አልፎ አያውቅም፣ እግዜር ይይለትና።

መጀመሪያ ልጅቷ ዓይኗ ጠቁሮ መጣች። "የቁም ሳጥን በር መታኝ" አለች። ሌላ ጊዜ ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች። "አዳልጦኝ ነው።" በመጨረሻ ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ቦርሳዋን በሌላው እጇ አንጠልጥላ መጣች። "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው።"

ደሜ ፈላ። "እትዬ፣ የምን ደረጃ ነው? ቤታቸው ምድር ላይ አይደል እንዴ!"

"ጋሼ፣ ብጣሽ ጨምርልኝ" አለችኝ እንጂ ቀና አላለችም።  ያን ቀን ያሰረችው ሁሉ ግን ጣት አያስገባም።

ሾፌሩ የመጣው በማግስቱ ከሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ ነው። ዳሊያው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። እናትየው በእንጨት መዶሻዋ የዘመሙ ችካሎችን ታጠብቃለች፤ ልጅቷ በደህናው እጇ ብጣሽ ታቀብላታለች።

"እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለ ፈገግ ብሎ።

ልጅቷ ቤት ገባችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። እኔን ያቃጠለኝ የእሱ ፈገግታ አይደለም፣ ያ ቦርሳ ነው።

"አትሄድም" አለች እትዬ።

"እማማ፣ የባልና ሚስት ነገር ነው፤ እርስዎ አይግቡበት።"

"አትሄድም አልኩህ።"

ፈገግታው ጠፋ። መጀመሪያ የተነሳው በአበባዎቹ ላይ ነው። በከባድ ጫማው አገዳውን እየረገጠ ሰባበረው፣ ችካሎቹን እየነቀለ ግድግዳ ላይ ወረወራቸው፤ ብልቃጡ ተፈረካከሰ። ከዚያ የሚስቱን ፀጉር ጨብጦ በስብርባሪው ላይ ጎተታት። ጉልበቷ ተዘነጣጠለ። በጀሶ የታሰረው ክንዷ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። መቀሴን ይዤ ነበር፣ ምን ላደርግበት እንደሆነ እንጃ። በክርኑ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርሴን ጭቃው ውስጥ ተፍቼ አጠገባቸው ተዘረርኩ። ረዳት ብሎ ዝም!

እትዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። "ዞር በይ፣ አንቺ እውር!" ብሎ ደረቷን ገፈተራት። "እርስዎ" ማለቱ እዚያ ላይ አበቃ። የተሰበረው ዳሊያ ላይ በጎኗ ወደቀች፤ ግንባሯ በስብርባሪው ተሰንጥቆ ደሙ ደህናው ዓይኗ ውስጥ ገባ። በክንዷ ጠረገችው፣ ተነሳች፣ መዶሻውን አነሳች። ችካል ስትመታ እንደምታደርገው ሳትቸኩል ከትከሻዋ በላይ ከፍ አድርጋ፣ ፀጉሩን በጨበጠው እጁ አንጓ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

አጓራ። በሌላው እጁ አንገቷን ሊይዝ ሲወረወር አጠገቧ የቀረውን ችካል ነቀለች። ብልቃጡን ከጫፉ አወጣችና፣ ልማድ ነው መቼም፣ እንዳይሰበር ኪሷ ከተተችው። ሹሉን ዓይኑ ስር ደቀነችበት። ቆዳውን በስቶት ደም በጉንጩ ወረደ። ሾፌሩ ቀጥ አለ።

"ስሚኝ ልጄ" አለች፣ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል። "ይሄን ዓይኔን ችካል አይደለም ያፈሰሰው። አባትሽ ነው። በቡጢ። 'ወድቄ ነው' ማለትን ከእኔ ነው የተማርሽው።"

እኔ አፌን ይዤ እንዳለሁ የጥርሴን ሕመም ረሳሁት። ያን ሁሉ ዘመን ብልቃጥ ያመላለስነው ለካ ለዚህ ነው።

ልጅቷ ከጭቃው ውስጥ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ከዚያ ተነሳች። ቦርሳዋን አነሳችና ባሏን አለፈችው፤ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ቁልፉ ሲዞር ሁላችንም ሰማን።

ሾፌሩ "አሳስርሻለሁ!" እያለ ወጣ። እኛም ፖሊስ መጣ አልመጣ ስንል ሰነበትን። ማንም አልመጣም። ኋላ የመኪናው ረዳት ሱሪ ሊያሳጥር ቤቴ ሲመጣ ነው የነገረኝ፦ እጅህን ምን ሆንክ ለሚለው ሁሉ "ከመኪና ላይ ወድቄ ነው" ይላል አሉ። በሌለኝ ጥርስ ሳቅኩ፣ ድዴ እስኪደማ።

ከስሩ የተረፈውን ዳሊያ እንደገና ሲተክሉ ብጣሽ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ጀሶው ተፈቶላት ችካል ታቀብላለች። አንዱን ብልቃጥ በእጇ እያገላበጠች ቆየችና፣

"እማዬ፣ ዓይንሽን ችካል ካልነካው ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ደፋሽበት?" አለቻት።

እትዬ የመታችውን ችካል በእጇ ነቅነቅ አድርጋ አየችው። ጠብቋል።

"መጀመሪያ ውሸቴ እንዲታመንልኝ ነበር። ኋላ አንቺ በመሃሉ መሮጥ ጀመርሽ። አንቺን እንዳይወጋሽ ብዬ ነው።" እንባዋ በአንዱ ዓይኗ ወረደ። "ከችካሉ ጠብቄሽ ነበር እኮ ልጄ።"

ልጅቷ ብልቃጡን ችካሉ ላይ ደፋችና ቀጣዩን ልታመጣ ሄደች።