አረማመዷን ለኮምፒውተር ሳስተምር

የተማሪዎች የቪዲዮ ጌም ክበብ አባል የሆንኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያያል። እውነቴን ነው። የአባልነት መታወቂያዬ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ። ለፎቶው ብዬ ፂሜን ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁ፤ ወጣት እመስላለሁ ብዬ እስረኛ መሰልኩ። ቃሊቲ ለሚኖር ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ መዞር ደግ አይደለም።

ወደ ክበቡ ያስገባኝ የመብራት ማጥፊያ ነው። አቃቂ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቀርጽ ኖርኩ። ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር እኔም ወደ ቤቴ ተዛወርኩ። በኋላ በእኛ በኩል ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የወርክሾፕ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ለተማሪዎቹ ብረት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ጣት ደግሞ እንዴት እንደማይቆረጥ አሳያለሁ። ከወርክሾፑ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የጌም ክበቡ ነበረች። መብራቷ የሚመጣው ከእኔ ዋና ማጥፊያ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ እስኪወጡ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ቀጥሎ ወንበር አመጡልኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከጀርባቸው ሆኜ፣ ያ ሰውዬ ምነው ግድግዳ ውስጥ ገባ፣ ውሻው ምነው በአየር ላይ ይሄዳል እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። የክበቡ ፕሬዚዳንት፣ አገጩ ላይ ስድስት ፀጉር ያበቀለ የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሲታክተው ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ “ችሎታ” ይላል፤ “ቶርኖ” ብዬ ሞላሁ። “የሚወዱት ጌም” ይላል፤ “ዳማ፣ በቆርኪ” አልኩ። ሳይስቅ አንብቦ ፈረመበት። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

የሚሠሩት ጌም የድሮውን አቃቂ የሚያሳይ ነው። ተጫዋቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ፣ የማለዳው ጡሩንባ ሳይነፋ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ፣ በጭቃው፣ በጋሪውና በከባድ መኪናው መሃል አልፎ ፋብሪካው በር መድረስ አለበት። ልጆቹ የዚያን ጊዜውን አቃቂ አላዩትም፤ ስለዚህ እንደ መዝገብ ቤት ይጠቀሙብኝ ጀመር። ድልድዩ የት ጋ ነው? ዘበኛው ምን ይለብሳል? የማላውቀውን ከማውቀው ይልቅ በልበ ሙሉነት መለስኩ። የዘበኛው ካፖርት ለምሳሌ ከአንገቱ እስከ ጫፉ የእኔ ፈጠራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፕሬዚዳንቱ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሰው ይጎድለዋል አለ። እኔም፣ ተጫዋቹ ከኋላዋ የሚከተላት አንዲት ሴት ትኑር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እሷ ያልጠፋችበት በሰዓቱ ይደርሳል አልኩ። ሐሳቡን ወደዱት። ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳቸውም።

ያመጣሁት ከራሴ ፈሪነት ነው። ባለቤቴ ልጃገረድ ሳለች ክር መፍተያ ክፍል ትሠራ ነበር። አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ከኋላዋ ተከተልኳት። ዛሬስ አናግራታለሁ እላለሁ፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጫማዬን ላስር ጎንበስ እላለሁ። በአምስተኛው ወር እሷው ዞር ብላ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ትናገራለህ ወይስ ሌላ መንገድ ልፈልግ?” አለችኝ።

እንግዲህ ከፊቷ በፊት ያወቅኩት አረማመዷን ነው። የክር ቅርጫት በግራ ጎኗ ስለምትሸከም ባዶ እጇን ስትሄድም ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ሁለት እርምጃ ዘርጋ፣ ሦስተኛውን አጠር፤ የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ልትመለስ ያሰበች ትመስላለች። ጌሙን ስንሠራ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነበር። የቀረኝ አንድ የፎቶ ቤት ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ላይ ተቀምጣለች።

የጌሙን ሰዎች የምታንቀሳቅሰው አንዲት ዝምተኛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሴትዮዋ እንዴት ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀችኝ። በአፌ ነገርኳት፤ አልሆነም። በመጨረሻ፣ በስልክ እንዳትቀርፀኝ አስምዬያት፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ተራመድኩላት። በዘይት የወዛ ጋውን ለብሼ፣ አፉ ብረት የሆነ ጫማ አድርጌ፣ የሌለ ነጠላ ደረቴ ላይ ይዤ። በዚያ ያለፉ ተማሪዎች ለሳምንት ያህል ሰላም ሲሉኝ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። እኔንና ስክሪኑን እያፈራረቀች ታያለች፣ ታርማለች፣ “አንዴ ይድገሙልኝ” ትላለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ ሄደች። ፊት የላትም፣ ነጠላዋም እንደ ካርቶን የደረቀ ነው፤ ግን ሄደች። ዘርጋ፣ ዘርጋ፣ አጠር።

“ባለቤትዎ ናቸው አይደል?” አለችኝ ልጅቷ ቀስ ብላ።

“ማን ነገረሽ?”

“ሲራመዱ ፊትዎ ይለወጣል።”

ጌሙ ለመምህራን ሊቀርብ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ሁሉ አንድ ላይ እንዲያቀናብር ትተውት ሊሄዱ ሆነ። እስከ ሰኞ መብራቱን እንዳላጠፋ ፕሬዚዳንቱ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለት ጊዜ እሺ አልኩ። ነገር ግን ፋብሪካ ሳለሁ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ሁለት ጣቱን ያጣው ሌላው ፈረቃ ሳያጠፋ በሄደው ማሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽን ካለበት ቤት ስወጣ እጄ ዋናውን ማጥፊያ ሳይስብ አይወጣም፤ እኔን አይጠይቀኝም። ያን ቀንም ማጥፊያውን አወረድኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ እያፏጨሁ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት ማብሪያውን ወደ ላይ ስመልስ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። የተረፈው በፕሬዚዳንቱ ፍላሽ ላይ የነበረ የቆየ ቅጂ ነው። እሱ ላይ ጭቃው አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ውሸታሙ ካፖርቴ አለ፤ እሷ የለችም።

እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ሲሞት ገዳይ አይፈለግም። መብራት ሄዶ ነው ተባለ። እኔም “አይ ይሄ መብራት” ብዬ ከሁሉም አስበልጬ አዘንኩ። በዚህ ዓይን አውጣነት ሁለት ቀን ቆየሁ። ረቡዕ ከሰዓት ፕሬዚዳንቱ ልጅቷን፣ ሌላ ቅጂ ሳታስቀምጪ እንዴት ትሄጃለሽ ብሎ ሲቆጣት ሰማሁ። እሷም አንገቷን ደፍታ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች።

“ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “መብራት አልሄደም።”

ፕሬዚዳንቱ የአገጩን ስድስት ፀጉር ነካካ። “ሁለት ጊዜ ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ።”

“መቶ ጊዜም ብትነግረኝ እጄ አይሰማም።”

ውጣ ቢሉኝ እወጣ ነበር። የጨነቀኝ ሴትዮዋ ሳትመለስ መቅረቷ ነው። ልጅቷ ግን ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠችና፣ “እንግዲያው ይራመዱ፤ ዓርብ ገና ነው” አለችኝ።

ወጥቼ ተራመድኩ።

“አይደለም” አለች።

ደገምኩት።

“አይደለም፣ ጋሼ። ይሄ የእርስዎ ጉልበት ነው፤ የሳቸው አይደለም።”

እውነቷን ነው፤ ያን ክረምት ቀኝ ጉልበቴ ማመም ጀምሮ ነበር። ትከሻዬን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ጣልኩ። ሁለት ረጅም ነበር ወይስ ሁለት አጭር? አራት ወር ከኋላዋ፣ ሠላሳ ዓመት ከጎኗ የሄድኩት ሰውዬ አረማመዷ ጠፋኝ። እግሬን አይቼ አይቼ፣ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ጌሙ ዓርብ ቀረበ። አንድ መምህር ሴትዮዋ ለምን አትፈጥንም ብለው ጠየቁ፤ ሰዓቷን ታውቃለች አልኳቸው። ልጆቹ ተመርቀው ተበተኑ፣ ፍላሹም ከማን ጋር እንደሄደ አላውቅም፤ ቢገኝ እንኳ የዛሬ ኮምፒውተር አይከፍተውም አሉኝ። ይሁን። እኔን የሚናፍቀኝ ያ ረቡዕ ነው።

ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም ልጅቷ ተነሣች። የአንገት ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና በአጠገቤ አልፋ ሄደች። በሕይወቷ አይታት የማታውቃትን ሴት መስላ፣ ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘርጋ፣ ዘርጋ፣ አጠር፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ዞረች።

“እንዲህ አልነበር ያሳዩኝ?”

“በደንብ አላየሁትም” አልኳት። “እስኪ ድገሚው።”

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ገና በመጀመሪያው አይቼው ነበር።